የአንገት ደም ቅዳ ወረፋ አይጠብቅም፦ ሪፈር ለሚጽፉና ቀጠሮ ለሚሰጡ ሁሉ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሆስፒታል ኃላፊዎች፣ ለድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሐኪሞች፣ ሪፈር ለምትጽፉና ቀጠሮ ለምትሰጡ ሁሉ።

ሳላዞር ልጀምር። እጁ ለአሥር ደቂቃ ዝሎበት የተመለሰለት፣ አፉ ተሳስሮ የተፈታለት፣ አንድ ዓይኑ ጨልሞ የበራለት፣ ማለትም ስትሮክ ያስጠነቀቀው ሰው እናንተ ዘንድ ሲመጣ የአንገቱ አልትራሳውንድ በዚያው ቀን ይነሣ። በዚያው ቀን ካልተቻለ በማግስቱ። የአንገቱ ደም ቅዳ ክፉኛ ጠብቦ ከተገኘና ሰውየውም ቀዶ ጥገናውን የሚችል ከሆነ ደግሞ፣ ምልክቱ ከታየበት ቀን ጀምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሠራለት። የምለምናችሁ ይህንን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደምለምን ነው።

ሥራዬ የደም ሥር አልትራሳውንድ ማንሳት ነው። ቀኑን ሙሉ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሰው አንገት አያለሁ። መድኃኒት አላዝም፣ ቢላም አልይዝም። ግን የሪፈር ወረቀቱን አነበዋለሁ፣ የተጻፈበትን ቀንም አያለሁ። "የግራ እጅ ድካም ነበረው፣ አሁን ደህና ነው" ይላል ወረቀቱ። ቀኑ ሲታይ ሳምንታት አልፈውታል። አስቸኳይ የሚለው ቦታ ላይ ምንም ምልክት የለም። በሽተኛው ራሱ ፈገግ ብሎ ይገባል፣ "እኔማ ድኛለሁ፣ ልጆቼ ናቸው ነገሩን ያካበዱት" ይለኛል። ጄሉን ቀብቼ መሣሪያውን አንገቱ ላይ ሳሳርፍ ስክሪኑ የሚያሳየኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ አባት ዓይናቸው የሆነውን ሲነግሩኝ ቃሉ አልበቃ አላቸው። መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት። "እንዲህ መጋረጃ ወረደብኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተነሣ" አሉኝ። የቀኝ ዓይናቸው ነው። የቀኝ አንገታቸውን ሳየው ቧንቧው ሊዘጋ ጥቂት ነው የቀረው። ጠቆር ያለ ለስላሳ ክምር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ደሙ በጎኑ እንደ ምንም ተሹለክልኮ ያልፋል። ድምፁን ከፍ ሳደርገው የተለመደው ምት ቀርቶ የሚያፏጭ ነገር ይሰማል። እኚህ ሰው መጀመሪያ የተላኩት ለመነጽር ነበር። መነጽራቸው ተቀይሮላቸው፣ ወደ ቤት ሄደው፣ መጋረጃው በድጋሚ ሲወርድባቸው ነው አንገታቸው ይታይ የተባለው።

እሳቸው በጊዜ ደረሱ። ቀጠሯቸው ሳይደርስ ሁለተኛው፣ ሙሉው ስትሮክ የቀደማቸው ሰዎችም አሉ። እነሱ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው ይመጡልኛል፣ የሆኑትንም አብሯቸው የመጣው ሰው ነው የሚነግረኝ። የመጡት ልክ በተቀጠሩበት ቀን ነው። ማንም ስህተት የሠራ አይመስለውም፣ ሁሉም የተሰጠውን ወረፋ ጠብቋል። ወረፋው ራሱ ነው የበላቸው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

እስኪ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሐኪም ብቻ አይደለም።

በአንገታችን ግራና ቀኝ ትልልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ካሮቲድ ይባላሉ። ጣታችሁን ከማንቁርታችሁ ጎን ብታሳርፉ የሚመታው እሱ ነው። እያንዳንዱ ከመንጋጋ ማዕዘን ትንሽ ዝቅ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቅርንጫፍ ፊትንና የራስን ቆዳ ይመግባል፣ ሌላው ወደ አንጎልና ወደ ዓይን ይሄዳል። ችግሩ ሁሉ የሚጠነሰሰው እዚያ መክፈያው ላይ ነው። ወንዝ በሚከፈልበት ቦታ ውኃው ተዘናግቶ ዳሩ ላይ ደለል እንደሚያስተኛ፣ ደሙም እዚያ ጋ ስለሚሽከረከርና ስለሚዘገይ ግድግዳው ይጎዳል፣ ስብም ይከማችበታል። የደም ግፊት፣ ሲጋራ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ነገሩን ያፋጥኑታል። ዓመታት ይፈጃል። ሰውየው ምንም አይሰማውም።

ብዙ ሰው "ቧንቧው ጠቦ ደም አነሰው" ብሎ ያስባል። እንደዚያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ ግን አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው። ክምሩ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀው ላይ ደም ይረጋል። ከረጋው ላይ ፍርፋሪ ተቆርሶ ወደ አንጎል ይበራል። ትንሽ ከሆነ ይሟሟል ወይም ይበተናል፣ እጅም ይመለሳል፣ ንግግርም ይፈታል። ሐኪሞች ጊዜያዊ ስትሮክ የሚሉት ይህንን ነው። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ትልቅ ከሆነ ግን የአንጎሉ ክፍል ይሞታል፣ የሞተ አንጎል ደግሞ አይመለስም።

አሁን ልብ በሉ። እጁ የተመለሰለት ሰው ሲድን የዳነው እጁ ነው። አንገቱ ውስጥ የተሰነጠቀው ክምር እንዳለ ነው፣ የረጋው ደም እላዩ ላይ ነው፣ ቀጣዩ ፍርፋሪ መቼ እንደሚነሣ ማንም አያውቅም። አደገኛው ጊዜ የሚቀጥሉት ቀናት ናቸው። በ2000 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ጊዜያዊ ስትሮክ ይዟቸው ድንገተኛ ክፍል ከመጡ ሰዎች መካከል 10 በመቶ ያህሉ በ90 ቀን ውስጥ ሙሉ ስትሮክ እንዳገኛቸው አሳይቷል፤ ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ነው። አንገታቸው የጠበበባቸው ሰዎች ደግሞ ከሌሎቹ የባሰ አደጋ ላይ ናቸው። እንግዲህ ለዚህ ሰው የስድስት ሳምንት ቀጠሮ መስጠት ማለት አደጋው ያለበትን ጊዜ በሙሉ ቤቱ እንዲያሳልፈው ማድረግ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ አልናገርም ነበር። ሚለር ፊሸር የተባለው ካናዳዊ የነርቭ ሐኪም የአንገት ቧንቧና ስትሮክን ግልጽ አድርጎ ያገናኘው በ1951 ነው። በ1954 ለንደን ውስጥ ኢስትኮት፣ ፒከሪንግና ሮብ የታመመውን የቧንቧ ክፍል ቆርጠው አውጥተው ሁለቱን ጫፍ መልሰው ገጠሙ። በሽተኛዋ ሴት ከዚያ በፊት ከ30 ጊዜ በላይ ጊዜያዊ ስትሮክ ተመላልሶባት ነበር፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቆመላት። አሜሪካዊው ዴቤኪም በ1953 ክምሩን ከውስጥ ልጦ ማውጣትን ሠርቶታል፣ ይፋ ያደረገው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዶ ጥገናው በሰፊው ተሠራ፤ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክርም አብሮ ቀጠለ።

ክርክሩን የዘጋው 1991 ነው። በሰሜን አሜሪካ የተደረገውና ናሴት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ጥናት፣ ምልክት ያሳዩና ቧንቧቸው ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ፣ ግማሾቹ መድኃኒትም ቀዶ ጥገናም አገኙ። በ2 ዓመት ውስጥ በዚያው በታመመው በኩል ስትሮክ ያገኛቸው፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ከተሠራላቸው 9 በመቶ ነበሩ። ስድስት ሰው ሲሠራ አንድ ስትሮክ ይቀራል ማለት ነው። በሕክምና ዓለም ይህን ያህል የሚጠቅም ቀዶ ጥገና ብዙ የለም። በአውሮፓ የተደረገው ጥናትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። ጥበቱ ከ50 እስከ 69 በመቶ ሲሆን ጥቅሙ አነስተኛ ነው፣ ከ50 በታች ከሆነ ግን ቀዶ ጥገናው አይጠቅምም።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን በ2004 የመጣው ነው። ሮዝዌል የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የእነዚህን ጥናቶች መረጃ ደርበው መቼ የተሠራለት ሰው ምን ያህል ተጠቀመ ብለው አሰሉ። ከመጨረሻው ምልክት በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ቀዶ ጥገናው ከገቡት መካከል አንድ ስትሮክ ለማስቀረት 5 ሰው መሥራት ይበቃል። ከ12 ሳምንት በኋላ ከሆነ 125 ሰው መሥራት ያስፈልጋል። ከ5 ወደ 125። ቀዶ ጥገናው ያው ነው፣ ቢላው ያው ነው፣ የሐኪሙ እጅ ያው ነው። የተለወጠው ቀጠሮው ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ቁጥር ለቀጠሮ ክፍል ሠራተኞች ንገሯቸው፣ ምክንያቱም እነሱ በእጃቸው የያዙትን ነገር የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እዚያው ጥናት ውስጥ ሌላም ነገር አለ። 75 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ የበለጠ ተጠቅመዋል። "አርጅተዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል" ተብሎ የሚመለሱትን ሰዎች አስቡ። ሴቶች ላይ ደግሞ ጥቅሙ ከዘገየ በፍጥነት ይመናመናል፤ ስለዚህ እናቶቻችንን ማዘግየት የባሰ ነው።

ወደ ምርመራው ልምጣ፣ ይህ የእኔ ቤት ስለሆነ ትንሽ ብቆይበት አይከፋችሁ።

በማዳመጫ አንገት ላይ የሚሰማ ሹክሹክታ አለ። ከተሰማ ጥሩ፣ ግን ባለመሰማቱ መተማመን አይቻልም። በጣም የጠበበ ቧንቧ ጭራሽ ድምፅ ላያወጣ ይችላል። ስለዚህ "አዳመጥኩት፣ ደህና ነው" ተብሎ የሚመለስ ሰው አይኑር። አልትራሳውንዱ ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም፣ አያምም፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ቢፈጅ ነው። ቧንቧውን በምስል አያለሁ፣ በዶፕለር ደግሞ ደሙ ምን ያህል እንደሚሮጥ እለካለሁ። ቧንቧ ሲጠብ ደሙ ለማለፍ ይፈጥናል። በጤናማው በሰከንድ ከ125 ሴንቲሜትር በታች ነው። ከ230 ካለፈ ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ብለን እንጠረጥራለን።

እንጠረጥራለን ያልኩት አውቄ ነው። ፍጥነት ብቻውን ያታልላል። የአንዱ ወገን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የሌላው ወገን ብዙ ደም ስለሚሸከም ሳይጠብ ይፈጥናል። ክምሩ ጠጥሮ እንደ ድንጋይ ከሆነ ሞገዱን ስለሚያግደው ከጀርባው ያለው አይታይም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሊዘጋ ጫፍ የደረሰው ነው፤ ደሙ እዚያ ጋ መንጠባጠብ ስለሚጀምር ፍጥነቱ ይወርድና የተቸኮለ ሰው "ተዘግቷል" ብሎ ይጽፋል። ያ ቃል ደግሞ ከባድ ነው። መቶ በመቶ ለተዘጋ ቧንቧ ይህ ቀዶ ጥገና በአብዛኛው አይደረግም። 99 በመቶ ለጠበበው ግን ሊደረግ ይችላል። በአንድ ቃል ሰውየውን ከወረፋው ታስወጣዋለህ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ የደም ሥር ምርመራ ይረጋገጥ። ቀዶ ጥገና ከመወሰኑ በፊትም ሁለት ዓይነት ምርመራ መስማማቱ ጥሩ ነው። ብቻ ሁለተኛው ምርመራ ሌላ የአንድ ወር ቀጠሮ እንዳይሆን።

ለባልደረቦቼም አንድ ነገር፤ ሪፖርት ስትጽፉ "ጠቧል" ብላችሁ አትለፉ። ስንት በመቶ፣ በየትኛው አለካክ፣ ክምሩ ለስላሳ ነው ጠጣር፣ ቦታው ከፍ ያለ ነው ዝቅ ያለ፣ ጻፉት። አሜሪካኖቹና አውሮፓውያኑ ጥበትን የሚለኩበት መንገድ ይለያያል፤ በአንዱ 50 የሆነው በሌላው 75 አካባቢ ሊሆን ይችላል። አለካኩ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ቀኙንና ግራውን ደግሞ ሁለቴ አረጋግጡ። የግራ አንገት የቀኝ እጅን ነው የሚያዝለው፣ ዓይን ግን በዚያው በኩል ነው። ቀኝ እጁ የዛለ ሰው ቀኝ አንገቱ ጠቦ ቢገኝ ያ ጥበት የምልክቱ ምክንያት ላይሆን ይችላል፣ ውሳኔውም ይለወጣል።

ቀዶ ጥገናው ራሱስ? ሰው አንገቱ ይቀደዳል ሲባል ይደነግጣል፣ አይፈረድበትም። በአንገቱ ጎን ከጆሮ ሥር ወደ ደረት በሚወርደው ጡንቻ ጠርዝ በኩል ይከፈታል። ቧንቧው ተፈልጎ ይገኛል። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል። ከዚያ ቧንቧው ከታችና ከላይ ለጊዜው ይታሰራል። እዚህ ጋ ነው ሁሉም ትንፋሹን የሚውጠው፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ያ የአንጎል ክፍል የሚኖረው ከሌሎቹ ቧንቧዎች በሚመጣለት ደም ነው። ካልበቃው ሐኪሙ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ደሙን በዚያ ያሳልፋል። ቧንቧው ተሰንጥቆ ክምሩ ከግድግዳው እየተላጠ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚወጣው፣ የመክፈያውን የሹካ ቅርጽ እንደያዘ፣ ቢጫ፣ አንዳንዱ ቦታ የረጋ ደም የተለጠፈበት። ቧንቧው ሲሰፋ እንዳይጠብ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ይጣፍበታል፤ ከራሱ ከበሽተኛው ደም መልስ የተወሰደ ወይም የተሠራ ጨርቅ ሊሆን ይችላል።

በሙሉ ሰመመን ሊሠራ ይችላል፣ አንገቱ ብቻ ደንዝዞ ነቅቶ እያለም ሊሠራ ይችላል። ነቅቶ ከሆነ በታመመው ተቃራኒ እጁ ሲጨመቅ የሚጮህ መጫወቻ ይሰጡታል። ቧንቧው ሲታሰር "ጭመቅ" ይሉታል። ጩኸቱ እስከተሰማ ድረስ አንጎሉ ደም እያገኘ ነው። በ2008 የታተመና ከ3,500 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ሁለቱን የማደንዘዣ መንገዶች አወዳድሮ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ በዚህ ብዙ አትጨነቁ፤ ቡድኑ የለመደውን ይሥራ።

አደጋ የለውም አልልም። ስትሮክን ለመከላከል የሚሠራው ቀዶ ጥገና ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ድንገተኛ የልብ ጥቃት (የልብ ደም ቅዳ መዘጋት) ሊያመጣ ይችላል። አንገት ውስጥ ደም ቢጠራቀም የመተንፈሻ ቱቦን ስለሚጫን የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ነርሶች አንገቱን ደጋግመው ማየት አለባቸው። በአካባቢው የሚያልፉ ነርቮች ስላሉ ድምፅ ሊሻክር፣ ምላስ ወደ ጎን ሊሄድ፣ የከንፈር ጠርዝ ሊወድቅ ይችላል፤ አብዛኛው በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። የጆሮ ጫፍ መደንዘዝ የተለመደ ነው። ደም ለረጅም ጊዜ የተነፈገው አንጎል በድንገት ብዙ ደም ሲያገኝ ደግሞ ኃይለኛ የራስ ምታት፣ ሲብስም መንቀጥቀጥና መድማት ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ደም ግፊት በጥብቅ የሚያዘው። ወደ ቤት ለሚሄደው ሰው ይህ በግልጽ ይነገረው፤ በተሠራበት በኩል ኃይለኛ ራስ ምታት ከጀመረው ማስታገሻ ውጦ እንዳይተኛ፣ ይመለስ።

ለዚህ ነው የቡድኑ ልምድ የሚወስነው። ምልክት ላሳዩ ሰዎች ከቀዶ ጥገናው ጋር የሚመጣው የስትሮክና የሞት መጠን ከ6 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ምልክት ላላሳዩት ከ3 በመቶ በታች። ብዙ መመሪያዎች የሚሉት ነው። የእናንተ ስንት ነው? ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ብቻ የሚሠራ ቦታ ከሆናችሁ፣ ብዙ ወደሚሠራው በፍጥነት መላክ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። በሽተኛውም "በእናንተ እጅ ስንት ሰው ተጎዳ?" ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፣ ጠያቂውንም አትቆጡት።

ስቴንት አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። አለ። በጭን ወይም በእጅ በኩል ገብቶ ቧንቧውን የሚከፍት የብረት መረብ ነው። በ2010 ክሬስት በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ጥናት 2,502 ሰዎችን ይዞ ሁለቱን አወዳደረ። በአጠቃላይ ብዙ አልተራራቁም። ግን በሂደቱ ሰሞን በስቴንት በኩል ስትሮክ በዛ፣ በቀዶ ጥገና በኩል ድንገተኛ የልብ ጥቃት በዛ። ዕድሜ ከ70 ሲያልፍ ሚዛኑ ወደ ቀዶ ጥገናው ያደላል። አንገታቸው ከዚህ በፊት ጨረር ለተደረገለት ወይም ለተቀደደ፣ ወይም ጥበቱ ቢላ ለማይደርስበት ከፍታ ላይ ለሆነ ሰው ግን ስቴንት የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስኑት የነርቭ ሐኪሙና የደም ሥር ቀዶ ሐኪሙ አብረው ተቀምጠው ነው። አብረው ማለቴ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፤ ወረቀት ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ለሳምንታት እየተመላለሰ አይደለም።

ፍጥነት ስል ያለ ልክ መቸኮልን አላወራም። ስዊድን ውስጥ የተጠናቀረ መዝገብ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ የተሠሩት ላይ አደጋው ከፍ ብሎ አሳይቷል። ትልቅ ስትሮክ ያገኘው ወይም ራሱን የሳተ ሰውም ሊቆይ ይገባዋል። ስለዚህ ምልክቱ ተመልሶ የተረጋጋ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው ቢሠራ መልካም ነው። ይህን ሐኪሙ ይመዝናል። የእኔ ጸብ ሐኪሙ መዝኖ ካቆየው ጋር አይደለም፣ ማንም ሳይመዝነው ወረቀት ውስጥ ከተረሳው ጋር ነው።

ምልክት የሌለውስ? እዚህ ላይ በተቃራኒው አቁሙ እላለሁ። "ሙሉ ምርመራ" እየተባለ ጤነኛ ሰው ሁሉ አንገቱ እንዲታይ ሲደረግ አያለሁ። ምንም ምልክት የሌለውን ሰው ሁሉ መመርመር እንደማይመከር የአሜሪካው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ደጋግሞ ተናግሯል፣ በ2021ም አጽንቶታል። በ1995 ታትሞ በነበረው ጥናት ምልክት በሌላቸውና 60 በመቶና ከዚያ በላይ በጠበበባቸው ላይ ቀዶ ጥገናው የ5 ዓመት አደጋን ከ11 ወደ 5 በመቶ አካባቢ ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን ያ ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች በሰፊው ሳይሰጡ በፊት ነው። አሁን በመድኃኒት ብቻም አደጋው በጣም ቀንሷል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ጊዜ አለው፣ ቁጭ ብሎ መምከር ይቻላል። ማሽኑንና የእኔን ሰዓት ግን ትናንት እጁ የዛለው ሰው ይውሰደው። ወረፋው ረጅም የሆነው በከፊል ምንም የሌለባቸው ሰዎች ስለሞሉት ነው። ማዞር ብቻ ያለበት ሰውም እንዲሁ፤ ሌላ ምልክት የሌለው ማዞር ከዚህ ቧንቧ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፣ እኔ ጋ ከሚላከው ግን ብዙው እሱ ነው።

መድኃኒቱን ደግሞ አልትራሳውንዱ እስኪደርስ አታቆዩት። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ለአጭር ጊዜ፣ የአንጎል ሲቲ መድማት አለመኖሩን ካሳየ በኋላ በዚያው ቀን ይጀመር። ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ስታቲንም እንዲሁ። በ2007 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ጥናት ምርመራና መድኃኒት በዚያው ቀን ሲጀመር ቀጣዩ ስትሮክ በ80 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም ነበር፣ ያሉትን ቶሎ መስጠት ነው። ሲጋራውም ይቁም፣ ግፊቱም ይያዝ። ቀዶ ጥገና የተደረገለትም ቢሆን መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ይቀጥላል፣ ምክንያቱም የተላጠው አንድ ቦታ ነው፣ በሽታው ግን በሰውነቱ ሁሉ ቧንቧ ውስጥ አለ።

"ባለሙያ የለም፣ ማሽን ጥቂት ነው" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን እኔ ያልኩት በየቀኑ ሁለት ቦታ ክፍት ይተው ነው። ማንም ባይመጣ ከወረፋው ሰው ይጠራበት። አርብ ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው እስከ ሰኞ ሳይታይ እንዳይቆይ ቅዳሜም ሆነ እሑድ አንድ ተረኛ ይመደብ፤ እኔ ለመግባት ፈቃደኛ ነኝ፣ ብዙ ባልደረቦቼም እንደዚያው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ "ምልክቱ የታየበት ቀንና ሰዓት" የሚል መስመር ይጨመርበት። አሁን ያለው ወረቀቱ የተጻፈበት ቀን ብቻ ስለሆነ 2 ሳምንቱ ከየት እንደሚቆጠር ማንም አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ከምልክቱ እስከ ቀዶ ጥገናው ስንት ቀን እንደፈጀ ቆጥራችሁ ለሕዝብ ንገሩ።

ለቤተሰብ ደግሞ፤ ፊት በአንድ በኩል ከወደቀ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ አንድ ዓይን በድንገት ከጨለመ፣ ቢመለስም ባይመለስም ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሰዓቱን ጻፉ። የትኛው እጅ፣ የትኛው ዓይን እንደነበረ ጻፉ። "አሁን ደህና ነኝ" የሚለውን በሽተኛ አትስሙት። ድንገተኛ ክፍል ደርሳችሁ "ደህና ነው፣ ቀጠሮ ይያዝለት" ከተባላችሁ፣ በትሕትና ግን ሳትነሡ "አንገቱ ዛሬ ይታይልን፣ ካልሆነም ነገ" በሉ። ከታየ በኋላም ስንት በመቶ እንደጠበበ ጠይቁ፣ ውጤቱን በእጃችሁ ያዙ፣ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም መቼ እንደሚያየው ቀኑን ሳትሰሙ አትውጡ። የሚነገራችሁ ቀን ከ2 ሳምንቱ የሚያልፍ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። የሕክምና ምክንያት ካለ ሐኪሙ ይነግራችኋል። ምክንያቱ ወረፋ ብቻ ከሆነ ግን ወደ ኃላፊው ቢሮ ውጡና ይህን ደብዳቤ አሳዩት።